መቀርቀሪያ

መቀርቀሪያ ገዛች ሉባባ፣ የኔ ልጅ፣
መፍቻ ተውሳ መጣች ከነሰይድ ጋራዥ ደጅ፤
የጎረቤት ሕፃን ሒሳብ አስጠንታ ባገኘችው ብር
በአራት ብሎን አጥብቃ አሰረችው ከበር።

«ምን ልትደብቂ ነው?» ብላት፣ «ምንም» አለች።
ከዚያ ወዲህ ይህች «ምንም» እኛ ቤት ከረመች፤
ታድራለች፣ ትውላለች፣ ከኔ ጋር አታወራም፣
ማዕድ ላይ ትቀርባለች፣ አትጎርስም፣ አትበላም።

ቦርከናን ተሻግሮ ፋብሪካ ነው ሥራዬ፣
የላላ ክር አያመልጠኝ፣ ጥራት ነው ሙያዬ፤
ሸሚዝ ሳገላብጥ፣ አንገት ስፈትሽ ስውል፣
የኔና የሷ ስፌት የት እንደተተረተረ ሳሰላስል
ደወሉ ይደወላል።

የመስመራችን አለቃ ሱ ፒንግ ናት፣ የቻይና ሴት፤
ኮምቦልቻ ሦስት ዓመቷ ነው፣ ልጇን ትታ ለአያት።
ሀውራን ይባላል፤ የሉባባ እኩያ ነው፤
በምሳ ሰዓት፣ እዚያ ሊመሽ ሲል ነው የምትደውለው፤
ስልኳን ካርቶን ላይ አቁማ፣ ሁሌ አንድ ቃል አላት፤
«ቺ ላ ማ?»
ስሙ መስሎኝ ነበር፣ የቁልምጫ፣ የቤት።

ልጁ ጣራ ያሳያታል፣ ፊቱን አያሳይም፤
ነጭ ጣራ፣ አንድ አምፖል፤ ድምፅም ብዙ የለም።
እሷ ለአምፖሉ ታወራለች፣ ለአምፖሉ ትስቃለች፣
ሲዘጋባት ስልኳን በሸሚዟ ጫፍ ትወለውላለች።
«አብሽሪ» አልኳት። ቃሉን ከዚያን ቀን ወዲህ አልጣለችውም፤
መርፌ ሲሰበርም «አብሽሪ» ትለዋለች፤ አላርማትም።

አስተርጓሚውን ይመርን ጠየቅኩት፣ «ምንድነው ቺ ላ ማ?»
«በላህ ወይ ነው» አለኝ። ቆምኩ፣ ራሴን ስሰማ።
ትናንት ማታ እኮ፣ በመቀርቀሪያው ፊት፣
«በላሽ?» ብዬ ነበር፣ ሌላ ቃል ጠፍቶኝ ማለት።
ውጤትሽ እንዴት ነው፣ ማነው የሚደውልልሽ፣
ዐይንሽ ለምን ቀላ፣ ምን ሰምተሽ ነው የተኛሽ፣
ሁሉንም አጣጥፌ፣ እንደ ሸሚዝ ደርድሬ
«በላሽ?» ነው የምለው፣ በዚህች ቃል ቋጥሬ።
«አዎ» ትለኛለች።
አምስተኛ ብሎን ነው።

እኔ በሷ ዕድሜ በር የለኝ፣ መጋረጃ ነበር፤
እናቴ ኪሴን ሳትፈትሽ ልብሴን አታጥብም ነበር፤
አንድ ቀን ደብዳቤ አግኝታ ለአጎቴ አስነበበች፤
ዛሬም ስሟን ስጠራ ያች ወረቀት ጉሮሮዬ ላይ አለች።

ለሱ ፒንግ አንድ ምሳ በፎቶ አሳየኋት ያንን መቀርቀሪያ፤
በጣቷ አስፍታ አየችው፣ እንደ ጉድለት ማሳያ፤
ከላይ እስከ ታች ፈተሸችው፣ ቆጠረች ብሎኑን፣
«ጥሩ ሥራ» አለችኝ፣ ሸሚዝ ሲያልፍላት የምትለውን።
እውነትም ደግሜ ሳይ አንዱም አልተንጋደደም፤
ማን አስተማራት? እኔ አይደለሁም።

ማታ የየጎፍ ደመና ወርዶ ቆርቆሮውን ሲመታ
በሩ ፊት ቆምኩ እንደ ሁሌው። «በላ…» ልል ስል ተውኩት ላንድ አፍታ።
«ብሎኖቹ ቀጥ ብለዋል» አልኩ፤ «እጅሽ መልካም ነው።»
ዝናቡ ብቻ ነው የመለሰው።
ቆየና ድምጿ መጣ፦ «አንዱ አስቸግሮኝ ነበር፤
ሳሙና ቀባሁት። ሰይድ ሲሠራ አይቼው ነበር።»
«ሳሙና!» አልኩ። «ሳሙና» አለች። ያወራነው ይኸው ነው።
መቀርቀሪያው እንደተዘጋ ነው።

በነጋታው ምሳ ላይ ሱ ፒንግ እጄን ይዛ ጎተተችኝ፣
ስልኳን አፍንጫዬ ድረስ አቅርባ «ተመልከች» አለችኝ፤
ያው ነጭ ጣራ፣ ያው አምፖል፤ ምን አዲስ አለው ብዬ ሳይ
ከጥጉ ግማሽ ጆሮ ብቅ ብሏል፣ ስልኩ ላይ።